ከሦስተኛው ምልልስ በፊት

አዛውንቱ ማለደ ሺምሾን ሰፈር ባለው ሞዓዶን፣ በአረጋውያን መዋያ ክበብ፣ ጥግ ላይ ከተቀመጠው አሮጌ ኮምፒውተር ጋር ሁለት ዓመት ሙሉ ቼዝ ተጫውቶ አንድ ቀን እንኳ አላሸነፈም። ይህ ግምት አይደለም፤ ጓደኛው ሰማኝ በደብተር መዝግቦታል፦ መቶ አሥራ ሁለት ሽንፈት፣ ዘጠኝ አቻ፣ ድል የለም። በየገጹ ግርጌ «ጸሐፊ፦ ሰማኝ» ይላል።

«አንድ ድል ሳልጽፍ ይህን ደብተር አልዘጋም» ይል ነበር ሰማኝ። በፋሲካ ማግስት ሞተ። ከዚያ ወዲህ ማለደ አልተጫወተም፤ ደብተሩ ግን ከቦርሳው አልወጣም።

ሐሙስ ረፋድ ላይ የሞዓዶኑ ኃላፊ ኦሽራት፣ «ማለደ፣ አዲስ ኮምፒውተር መጥቷል። ይሄንን እኩለ ቀን ላይ ይወስዱታል» አለችው።

ማለደ ወንበሩን ሳበ። ለራሱና ለኮምፒውተሩ አንድ አንድ ሰዓት መደበ። ኮምፒውተሩ ጊዜ ሲሰጡት እንደ ዳኛ ረጋ ብሎ ያስባል፤ ማለደን ግን እንቅልፍ ይጥለዋል። ሃምሳ ደቂቃ ሳይሞላ ከኮምፒውተሩ ውስጥ የምትናገረው ሴት «ሻኽ! ማት!» ብላ የማለደ ንጉሥ መሞቱን አወጀች።

«ጋሼ ማለደ፣ ይቺ ሴትዮ ዛሬም ሰደበችህ?» አለች አጠገቡ ተቀምጣ ሹራብ የምትሠራው ሸጌ።

«ዝም በይ፣ ልጻፍበት።»

ሽንፈቱን ጻፈ፤ የጸሐፊውን ቦታ ባዶ ተወው። ከዚያ ወደ ኋላ ገለጠ። ደብተሩን አንብቦት አያውቅም፤ የሽንፈት መዝገብ ማን ያነባል? የአምስት ደቂቃ ጨዋታዎቹ በተመዘገቡባቸው ገጾች ጠርዝ ላይ የሰማኝ ደቃቅ ጽሑፍ ነበር፦ «ኮምፒውተሩ መንገድ ሲዘጋበትና ሰዓት ሲያጥረው አቻን ሽሽት የራሱን በር ይከፍታል። ማለደ ማውሱን ሲፈልግ ሰዓቱ አለቀ።» ይኸው ማስታወሻ አሥራ አንድ ጊዜ ተጽፏል።

«ይሄ ሰውዬ በአፉ ቢነግረኝ ምን ነበረበት!»

«ነግሮሃል፤ አልሰማህም እንጂ» አለች ሸጌ።

አምስት ደቂቃ መደበ። ወታደሮቹን ከጠላት ወታደሮች ጋር ደረት ለደረት አጋጥሞ መንገዱን ሁሉ ዘጋ። ከዚያ ግንቡን አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ፣ አንድ እርምጃ ወደ ግራ። ለዚህ ማውስ መፈለግ የለም፤ እጁ ለመደው።

«ምነው፣ መንገድ ጠፋህ?»

«ሽምግልና ተልኬ ነው።»

«ለማን?»

«ልጅ ልለምን። አባትየው እንቢ ሲል እሄዳለሁ፤ እመለሳለሁ።»

«ለሦስተኛ ጊዜ ስትመለስስ?»

«አንድ አቀማመጥ ሦስት ጊዜ ከተደገመ በሕጉ አቻ ነው። ይሄ ኮምፒውተር ደግሞ አቻ ሞቱ ነው።»

ማለደ ለሦስተኛ ጊዜ ሊመለስ ሲል ኮምፒውተሩ መታገሥ አቃተው፤ ንጉሡን የከለለውን ወታደር ወደ ፊት ገፋ። በሩ ተከፈተ። ማለደ ሃያ ሰከንድ ቀርቶታል፤ ግንቡን ወረወረ፣ ንግሥቲቱን አስከተለ።

«ሻኽ! ማት!» አለች ሴትዮዋ፤ በገዛ ቤቷ ላይ።

«ይበላት!» አለች ሸጌ፤ ሹራቡ ወለል ላይ ወደቀ።

አሮጌውን ሊወስድ ጋሪ እየገፋ የመጣው ቴክኒሻን ኦፊር በክበቡ በር ላይ ቆሞ፣ እንደ አያት እየጠራው፣ «ሳባ፣ አዲሱ ላይ ከዚህ የበረታ ቼዝ አለ» አለው።

«የበረታ ማን ፈለገ? ችኩል ካለህ ጫንልኝ።»

ኮምፒውተሩን ሲነቅሉት ማለደ ቀኑን፣ የተመደበውን አምስት ደቂቃና የጨዋታውን እንቅስቃሴ ሁሉ ጻፈ። ሸጌ ምስክርነቷ ካልገባ ብላ አስገደደችው፤ ጻፈላት። የጸሐፊው ቦታ ላይ ሲደርስ፣ በጨዋታው ለማንኛውም እርምጃ ካሰበው በላይ አሰበ።

«ጸሐፊ፦ ማለደ፣ በሰማኝ ፈንታ» ብሎ ከሥሩ አሰመረ። ደብተሩን ዘጋው።