ከሱሪዬ ሥር ያለው ሱሪ

መጀመሪያ የተንቀጠቀጠው እጄ ነው። ዶራሌ ወደብ ላይ ለሹፌሮች የጭነት ሰነድ ሳቀብል ወረቀቱ ይርገበገባል። ልቤ ተቀምጬ እንኳ እንደሮጠ ሰው ይመታል። ወበቁ ነው አልኩ። ጅቡቲ ውስጥ የማያልበው ማን አለ?

ለላቤ ደግሞ ሌላም ምክንያት ነበረኝ። ከልጅነቴ ቀጭን ነኝ። ሹፌሮቹ "ንፋስ ሲመጣ ኮንቴይነር ያዝ" እያሉ ይቀልዱብኛል። የአርሂባ ሰፈር ጎረቤቶቼ ባገኙኝ ቁጥር "ምነው ከሳህ?" ይሉኛል። ያኔ በጅቡቲ የጭነት መኪና መንገድ ላይ ለሚሠራ ወንድ ይህ ሰላምታ አልነበረም፤ "በሽታው ያዘህ ወይ?" ማለት ነበር። ስለዚህ ወፈር ብዬ እንድታይ ከሱሪዬ ሥር ሌላ ሱሪ፣ ከሸሚዜ ሥር ሁለት ካናቴራ እደርባለሁ። በዚያ ሙቀት!

ከዚያ በእውነት መክሳት ስጀምር ማንም ያላየው ለዚህ ነው። እኔ ግን ቀበቶዬ ላይ አዲስ ቀዳዳ ስበሳ አውቄዋለሁ። እንደ ጅብ እየበላሁ እከሳለሁ። ኤችአይቪ ነው ብዬ ደመደምኩ፤ መመርመር ግን ፈራሁ። ከዘነበች ጋር ቀለበት አስረን ሠርጋችንን እየጠበቅን ነበር። እሷን ማጣት ከሞት በላይ አስፈራኝ።

አንድ ቀን ሆዳን በሚባለው ሰፈር፣ ዘነበች በቤት ሠራተኝነት የምትኖርበት ቤት በር ላይ ስጠብቃት ወደቅኩ። ታክሲ አስቁማ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሐኪሙ የሚናገሩት ፈረንሳይኛ ነው፤ እኔ ከ"ቦንዡር" አላልፍም። ቋንቋውን ከአሠሪዎቿ የለመደችው ዘነበች ትተረጉምልኝ ጀመር።

"ልብስህን አውልቅና ሚዛኑ ላይ ውጣ ይላሉ።"

አወለቅኩ። ሱሪ። ከሥሩ ሱሪ። ሸሚዝ። ካናቴራ። ደግሞ ካናቴራ። ቀና ብዬ አላየኋትም።

ሐኪሙ አንገቴን ዳበሱ፤ ኤችአይቪንም ጨምሮ የደም ምርመራ ታዘዘ። ውጤቱ የመጣ ቀን ለእሷ ብዙ አወሩላት። እሷ ሰምታለች፤ እኔ ገና ነኝ። አለቀሰች። አለቀልኝ አልኩ።

"ኤችአይቪ የለብህም" አለች። "አንገትህ ላይ ያለው ዕጢ ነው፣ ታይሮይድ። ከልክ በላይ ይሠራል፤ ሃይፐርታይሮይዲዝም ይሉታል። መድኃኒት አለው። ደግሞ ሁለት ሱሪ አይለበስም።"

"ይሄንንም እሳቸው ናቸው ያሉት?"

"እኔ ነኝ።"

ክኒኑን ሳላቋርጥ እየዋጥኩ፣ በቀጠሮዬ ደሜን እየተመረመርኩ ስቆይ የልቤ ምት ቀስ በቀስ ረጋ፣ እጄም ሰነድ መያዝ ቻለ፣ ወደ ድሮ ኪሎዬም ተመለስኩ። የድሮ ኪሎዬ ማለት እንግዲህ ያው ቀጭን ነው።

ቀጭን ወንድሜ፣ ሰው "ከሳህ" ሲልህ አትደርብ፤ ሄደህ ተመዘን። የፈራኸው ይሁን ሌላ፣ ሐኪም ሳያይህ አትፍረድ። እኒያን ሐኪም እግዜር ይስጣቸው። ለዘነበች ግን ምስጋና አይበቃትም። በሠርጋችን ቀን በአንድ ሱሪ ቆሜ፣ አንዲት እንግዳ "ሙሽራው ምነው ከሳ?" ስትል ሰማኋት። ዘነበች ቀደመችኝ።

"አልከሳም" አለቻት። "ልኩ ይሄ ነው።"