ሳይቀመስ የቀረበ ታኮ

ልጄ ፍራንክሊንተን የሚባል ሰፈር አፓርትመንት ተከራይታ ከወጣች ወዲህ፣ ጾም በገባ ቁጥር እግሯ ከቤታችን ይጠፋል። በፍስክ ወራት እሑድ እሑድ ብቅ ትላለች። ጾም ሲገባ ግን ሥራ ይበዛባታል፣ መኪናዋ ይበላሻል፣ ጉንፋን ይይዛታል። ምክንያቱ አልጠፋኝም። ዩኒቨርሲቲ ሳለች መጾም አቁማለች። እኔም ሆንኩ አባቷ ስለዚህ ነገር አንዲት ቃል ተናግረናት አናውቅም፤ ነገር ግን ሰው ዝም ብሎም ይናገራል። እሷ ፍሪጅ ከፍታ ቺዝ ስታወጣ አባቷ ወደ መስኮቱ ዞር ይላል። እኔ ደግሞ የበላችበትን ሳህን ለብቻው አጥባለሁ። ልጅቷ ዓይን አላት፣ ታያለች።

እንግዲህ ባለፈው ዓመት የነቢያት ጾም በገባ ማግስት ስልኬ ጮኸ። ግሮቭ ሲቲ የምሠራበት መጋዘን ውስጥ ብሬክ ላይ ነበርኩ።

«ማሚ፣ ቅዳሜ ፍሬንዶቼን ይዤ ልምጣ? ጌሙን እናንተ ጋ እንይ? የኔ ቲቪ በጣም ትንሽ ነው።»

ኮሎምበስ የሚኖር ሰው «ጌሙ» ሲባል የትኛው ብሎ አይጠይቅም። የከተማችን ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ከሰሜን ጎረቤቱ ጋር የሚጋጠምበት ቅዳሜ ነው። ያን ቀን እኛ ሰፈር፣ ሬይኖልድስበርግ፣ የቡድኑን ቀይ ያልለበሰ ሰው ብትፈልጉ እኔን ታገኛላችሁ። ከኳሱ የማውቀው ባለቤቴ ሲጮህ መደንገጥን ብቻ ነው። ግን ልጄ በጾም፣ በገዛ አፏ፣ እመጣለሁ አለች! ከደስታዬ ብዛት የያዝኩት የሻይ ኩባያ ሊወድቅብኝ ነበር።

«ምን ልሥራላችሁ?» አልኳት።

«ምንም! ፒዛ ኦርደር እናደርጋለን።»

«እኔ ቤት እንግዳ መጥቶ ከካርቶን ሊበላ? እኔ ሳልሞት?»

ሳቀች። «ኦኬ፣ ኦኬ። ኢዚ የሆነ ነገር። ታኮ ባይትስ ሥሪ፣ ቪዲዮ እልክልሻለሁ።»

ቪዲዮው ላይ ጥፍሯን ያስረዘመች ሴት አንድ ጊዜ እንኳ ሳትተነፍስ ጨረሰችው። ቶርቲላ የሚሉትን ስስ የዱቄት ቂጣ በብርጭቆ አፍ ክብ ክብ አድርጎ መቁረጥ፣ በትንንሾቹ የኬክ መጋገሪያ ጉድጓዶች ውስጥ መጠቅጠቅ፣ የተፈጨ ሥጋ ጠብሶ ከፓኬት የሚወጣውን የታኮ ቅመም መነስነስ፣ ሥጋውን እየቆነጠሩ መሙላት፣ ከላይ ቺዝ፣ ከዚያ ኦቨን። አንዱ ለአንድ አፍ ነው። እኛ በእጃችን ጠቅልለን የምናጎርሰውን፣ እነሱ በኦቨን ጠቅልለው ያቀርቡታል። ይኼማ የኔ ሥራ ነው አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ወጥ ቤቴን ለሁለት ከፈልኩት። በግራ በኩል የእንግዶቹ ሥጋ፣ በቀኝ በኩል ለእኔና ለባለቤቴ በበርበሬ የተሠራ ምስር። መጥበሻ ለብቻ፣ ማንኪያ ለብቻ፣ መጋገሪያ ለብቻ። ባለቤቴ ቀይ ሹራቡን ለብሶ በየደቂቃው እየመጣ «ማንኪያው እንዳይሳሳትብሽ» ይለኛል። ሲሄድ ደግሞ ከቀኝ በኩል አንድ የምስር ታኮ ሳይወስድ አይመለስም።

መቼም ጨው የሚለካው በምላስ ነው። ምስሩን ቀመስኩት፣ አስተካከልኩት። በጾም የፍስክ ምግብ የምትሠራ ሴት ግን ምላሷ ሥራ ፈት ነው። ለዚህ ነው በየቤቱ ቀማሽ የማይጠፋው፤ ጾም ያልጀመረ ሕፃን፣ ወይ ደግሞ በሕመም ምክንያት የማይጾም ሰው ይጠራና «እስቲ ጨው ቅመስልኝ» ይባላል። የኔ ቤት ሕፃን አድጋ ወጥታለች። ባለቤቴን ቅመስ ብለው ንስሐ አባቱ ጋ ይከሰኛል። ስለዚህ እጄን አመንኩ። ስንት ዓመት ወጥ የሠራ እጅ ነው! ለወጥ እንደማደርገው ጨው ዘገን አድርጌ ጨመርኩ። ከዚያ የታኮውን ቅመም ገለበጥኩበት። ሳሸተው ፈዘዘብኝ፤ ይኼ የፈረንጅ ቅመም መቼም ደፋር አይደለም ብዬ ሚጥሚጣ ነሰነስኩበት። የታኮው ቅመም ራሱ ጨው እንዳለበት ማን ነገረኝ? ሚጥሚጣዬንስ ሳስፈጭ ጨው አብሬ እንዳስፈጨሁ ማን አስታወሰኝ?

ልጄ ከጓደኞቿ ቀድማ መጣች። ጫማዋን አውልቃ ወጥ ቤት ገባችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ማሚ፣ ቢፍ ነው እንዴ? አባዬ ኦኬ ነው?» አለችኝ።

«የሚበላው እንግዳው ነው፣ አባትሽን ምን አገባው?»

እንደዚያ ብልም እኔም ፈርቼ ነበር። የፈለግኩት አንድ ነገር ነው፤ ጾም ገባ ብላ ከእኛ እንዳትሸሽ። ይቺ ቀን ካማረች ሌላ ቀን ይከተላታል። ካላማረች ግን እስከ ገና ድረስ ልጄን አላያትም። ያን ያህል ነበር የማስበው።

ጓደኞቿ መጡ፤ ሁሉም ቀይ በቀይ። የኛን ጫማ በር ላይ ተደርድሮ ሲያዩ ሳይነገራቸው አወለቁ፣ ወደድኳቸው። አንዲት ረጅም ልጅ ከመካከላቸው ቀድማ አንዱን ታኮ አነሣችና ጎረሰችው። ጥቂት አላመጠች። ቆም አለች። ከዚያ «ኦ ማይ ጋድ፣ ሶ ጉድ!» አለች። ሌሎቹም ተከትለው «ሶ ጉድ!» አሉ። እኔ ደግሞ እንደተመሰገነች ሙሽራ ሆንኩ። በኛ ደንብ እንግዳ አንድ በልቶ ከተቀመጠ አስተናጋጇ ሞታለች ማለት ነው። «ዋን ሞር፣ ዋን ሞር፣ በሞቴ!» እያልኩ በየሳህናቸው ደገምኩላቸው። እምቢ ሲሉኝ ይሉኝታ መሰለኝና ሠለስኩ። የረጅሟ ልጅ ዓይን ዕንባ ሲያቀር አይቼ፣ ሚጥሚጣዬ ሠራች ብዬ በሆዴ ኮራሁ።

ኮካው ቶሎ አለቀ። ውኃውም አለቀ። አንዱ ልጅ ዓይኑን ከቲቪው ሳይነቅል በረዶ ያላምጣል። እኔ የዘንድሮ ሰው እንዴት ይጠማዋል እያልኩ ማሰሮ ሙሉ ውኃ አመላልሳለሁ።

ልጄ እስከዚያ ድረስ እንግዳ ስታስተናግድ አልቀመሰችም ነበር። ቡድኑ ነጥብ አስቆጥሮ ሁሉም ሲጮህ አንድ አነሣችና ወደ አፏ ከተተች። ቀጥ ብላ ቀረች። ወደኔ አየችና ውኃ ልቀዳ ስሄድ ወጥ ቤት ድረስ ተከትላኝ መጣች።

«ማሚ፣ ይኼን ቀምሰሽዋል?»

«በምን አፌ? ጾም አይደል እንዴ!»

እጇን አፏ ላይ ጫነች። የዚያን ጊዜ ገባኝ። ጨው በሦስት በር መግባቱን አንድ በአንድ ቆጠርኩት፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እነዚያ የሰው ልጆች እኔን ላለማስቀየም ብለው ሲቃጠሉ እኔ በሞቴ እላለሁ! ልጄንም ዳግመኛ ሰው ይዛ እንዳትመጣ አድርጌ አሳፈርኳት ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ቀና ስል ዓይኗ ዕንባ ሞልቷል።

«ሙሉ ቀን ሥጋ ስትሠሪ፣ አንቺ ሳትቀምሺ?» አለች።

«ለማን ብዬ ነው ታዲያ? እንድትመጪ ነዋ።»

ወደ ሁለቱ መጥበሻዎች ተመለከተች። «በጾም ስመጣ ሸክም የምሆንባችሁ ይመስለኛል። ላይክ፣ ቤቱን የማቆሽሽ።»

ለብቻው የማጥበው ሳህን ታወሰኝ። ላቅፋት እየፈለግኩ አፌ ግን የራሱን ተናገረ። «ሸክምስ ያ ጨው ነው» አልኳት።

ዕንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። ከዚያ ቀጥ ብላ ሳሎን ገባችና ጨዋታው በጦፈበት ሰዓት ቲቪው ፊት ቆመች። ኮሎምበስ ውስጥ ይኼ ቀላል ድፍረት አይደለም። እናቷ ጿሚ እንደሆነች፣ ሥጋውን ሳትቀምስ እንደሠራች፣ ከእንግዲህ ማንም መብላት እንደሌለበት በእንግሊዝኛ አስታወቀች። ቤቱ ጸጥ አለ። ረጅሟ ልጅ «ታንክ ጋድ!» የሚል ቃል አመለጣትና በድንጋጤ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ከዚያ ሁሉም ሳቁ። እኔም ከነሱ ብሼ ሳቅሁ።

ባለቤቴ እንግዶቹ ከመጡ ጀምሮ ከኳሱ በቀር ስለ ምንም አልተናገረም ነበር። ጉዳዩን ሲሰማ ግን ተነሥቶ ወጥ ቤት ገባ። የምስሩን ታኮ ይዞ ተመለሰና ለእንግዶቹ አንድ በአንድ አዞረው። ሲጎርሱ ፊታቸው ተፈታ። ሁለተኛ ሳልለምናቸው ራሳቸው አነሡ።

«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ይባላል፤ የናትሽ ግን ለሬይኖልድስበርግ ሁሉ ነው የጣፈጠው» አላት ልጄን። ባዶውን ሳህን ይዞ ወደኔ ሲመለስ ደግሞ መንገድ ላይ ቆም ብሎ ወደ ልጃችን ዞረ። «ለመሆኑ ልጅ ወልደን በጾም ቀማሽ እንጣ? አንቺ እያለሽ?»

ልጄ የአባቷን ፊት አየች። እያሾፈባት ይሁን የምሩን ለማወቅ ፈልጋ ነው። እሱ ወደ መስኮቱ ዞር አላለም። እያያት ነው የቆመው።

«ሪሊ?» አለችው።

«እናትሽ እንደሆነች እጄ ያውቃል ብላ ልትጨርሰን ነው።»

ጓደኞቿ ሲሄዱ እሷ ቀርታ ዕቃ አጠበችልኝ። ያን ቀን ሳህን ለብቻው ያጠበ ሰው የለም።

በሳምንቱ ረቡዕ ከሥራ ገብቼ ሽሮ ስጥድ ስልኬ ጮኸ።

«ማሚ፣ ዛሬ ምን እየሠራሽ ነው?» አለች። ትንሽ ቆይታም፣ «የሚቀመስ ነገር አለ?»

ቤቱ ውስጥ እንግዳ የለም። ሥጋ የሚበላ ሰውም የለም። ሽሮውን እኔው ቀምሼዋለሁ።

«አለ፣ ነይ» አልኳት።

ስልኩን እንደዘጋሁ ፍሪዘሩን ከፍቼ የተረፈውን የተፈጨ ሥጋ አወጣሁ። ባለቤቴ ከሳሎን መጥቶ በረዶ የሆነውን ሥጋ አየ፣ እኔን አየ። ለማን ነው ብሎ ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። የጨዉን ዕቃ ከፊቴ አንሥቶ ወደ ጥግ ገፋው።

«እስክትመጣ እንዳትጨምሪ» አለኝ።