የምቀመጥባትን እኔው ልምረጥ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሰላም በሞተር የሚሄድ ተሽከርካሪ ወንበር ልትገዛልኝ ጎንደር ወሰደችኝ። የሱቁ ልጅ ወንበሩን እያሳየ የሚያናግረው እሷን ነው። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ፣ "እማማ ይመቻቸው ይሆን?" ይላታል። በሚያብረቀርቀው ወለል ላይ ወዲያና ወዲህ ነዳሁት፤ ደኅና ይሄዳል። ከዚያ ወደ ድንጋዩ መንገድ አውጡኝና ልሞክረው አልኩ። ልጁ ሳቀ።

"ከሱቅ ወጥቶ አይሞከርም፣ እማማን ንገሪያቸው።"

እንዲህ ያለ ነገር በልጅነቴም ተብዬ ነበር።

ጣሊያን አገሩን በያዘበት ዘመን ነው። ቤታችን ከመተማ ወደ ሸሕዲ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ሕፃን ሳለሁ ትኩሳት ያዘኝ፤ ሲለቀኝ እግሮቼን ይዞ ሄደ። ቀኙ ጥቂት ይታዘዘኛል፤ ግራው ግን የእኔ አይመስልም። ቤተ ክርስቲያንም ማሳም የሚያደርሰኝ ወንድሜ ነበር፣ በጀርባው አዝሎ። አባቴና እሱ በቅሏችንን ይዘው ከአርበኞች ጋር ጫካ ሲገቡ እኔ ደጃፍ ላይ ቀረሁ።

ዝም ብዬ ግን አልተቀመጥኩም። የሰሊጡ ነዶ ፀሐይ ላይ ቆሞ ሲደርቅ፣ እያቀበሉኝ ጨርቅ ላይ ገልብጬ አራግፈዋለሁ፤ ፍሬው እንደ ዝናብ ይወርዳል። ሽታው ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። እናቴ ይህን አይታ፣ የዘንድሮው ሰሊጥ ለእግርሽ ይሁን፣ የምትቀመጪበት ከብት ይገዛበት አለችኝ።

ታኅሣሥ ላይ አጎቴ አያ ደስታ በተዋሰው አህያ፣ ከጆንያው በላይ አስቀምጦ መተማ ገበያ ወሰደኝ። ገበያው ቴምር ቴምር፣ የግመል ላብ የግመል ላብ ይሸታል። በእኛ አገር ደንብ ከብት ሳይሞከር አይገዛም፤ የጭነቱ ተጭኖ፣ የመቀመጫው ተጋልቦ ይታያል። አያ ደስታ አንድ ነጭ የሱዳን አህያ ወደደና ዘሎ ተቀመጠበት። ሜዳውን ዞረው። ሰዉም አደነቀ።

"በቃ፣ ጨርሰናል" አለ ሲወርድ።

"አልጨረስንም፣ አያ። አንተ እግር አለህ። ሰሊጡን ያራገፍኩት እኔ፣ የምቀመጥበትም እኔ።"

ሻጩ ሐጂ ኑር ጢሙን በሂና ያቀላ የድንበር ነጋዴ ነበር። ሴት ልጅ ገበያ መሀል ከብት ስትሞክር አይቶ እንደማያውቅ ነገረን። እኔ ግን መሬት አስቀምጡኝ አልኩ። ኮርቻውን ይዤ ልሳብ ስል አህያው ፈቀቅ አለና አቧራ ላይ ተዘረጋሁ። ደገምኩት፤ ደግሞ ፈቀቅ አለ። ገበያው ሳቀ። አንዱ ጎረምሳ፣ "አህያው እንኳ አልወደደሽም" አለኝ።

"አንተንማ ይወድሃል፣ ዘመድህ ነው" አልኩት።

ያኔ ነው ያየኋት። ከጨው ጭነት አጠገብ አንዲት አሮጊት ግመል ተንበርክካ ታመነዥጋለች። የሐጂ ኑር ናት፤ ለሲራራ ጉዞ ስለደከመች ሊሸጣት ነው። መሬት የምትወርድልኝ እሷ ብቻ ነበረች። የአያ ደስታ ፊት ጠቆረ። ሥጋዋንም ወተቷንም የማንነካ ሰዎች፣ የክርስቲያን ልጅ ግመል ላይ።

"ለቄሱ ምን ልበል?"

"ልበላት ሳይሆን ልቀመጥባት ነው በላቸው።"

ተጎትቼ ሄድኩና ብቻዬን ወጣሁ። ከኋላዋ ስትነሣ ወደ ፊት ልትደፋኝ ነበር፤ የኮርቻውን እንጨት ጥፍሬ እስኪነጣ ጨበጥኩት። ቀና ስል ዓለም ሌላ ሆነ። ዕድሜዬን ሙሉ ከመሬት ሆኜ የማየው የሰው ጉልበት ነበር፤ ያን ቀን የአያ ደስታን መላጣ ከላይ አየሁት።

ሐጂ ኑር ይበቃሻል ውረጂ አለኝ። እኔ ደግሞ የምኖረው ሜዳ ገበያ ላይ ስላልሆነ የጓንግን ወንዝ ዳገትና ቁልቁለት ካላየሁ አልገዛም አልኩ።

"ወድቀሽ ብትሞቺ ደምሽ በእኔ ነው።"

"ዛሬ ሰው ፊት ካልወደቅሁ ነገ ብቻዬን ሳለሁ እወድቃለሁ።"

ቁልቁለቱን እግሯን እየመረጠች ወረደች። ውኃው ዳር ሐጂ እንዳስተማረኝ "ኢኽ" አልኳት፤ ተንበረከከች። ወረድኩ፣ በእጄ ጠጣሁ፣ ማንም ሳይነካኝ ተመልሼ ወጣሁ። አያ ደስታ እያለከለከ ሲደርስ የቄሱን ነገር ረስቶት ነበር።

በሰሊጡ ገንዘብ ግመሏን ገዛን። ቄሱ ግን አልረሱም። ግመሏ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እንዳትቀርብ ከለከሉ። እኔም ከሩቅ ዛፍ ሥር እያሰርኳት የቀረውን በእጄ እየተጎተትኩ እገባ ነበር፣ ሁሉም እያየኝ። ክረምት ሲገባ ደግሞ ዋልካው ጭቃ ለግመል እግር ስለማይሆን ሁለታችንም ቤት እንውላለን። ይህንንም ሐጂ ኑር ሳልጠይቀው ነግሮኛል፤ አልዋሸኝም።

ባለፈው ሳምንትም የሱቁን ልጅ፣ "ቤቴ ሱቅ አይደለም። ካልሆነ ተነሺ ሰላም፣ ሌላ ዘንድ እንሂድ" አልኩት። እያጉረመረመ ወንበሩን ወደ መንገዱ አወጣልኝ። የሚያምረው ወንበር ገና ቦዩ ጠርዝ ላይ ተገተረ። ሱቁ ጥግ ላይ ጎማው ትልልቅ፣ መልኩ የማያምር ሌላ ነበር፤ እሱን አምጣ አልኩ። ጠርዙን ወጣ፣ ድንጋዩን ያዘ፣ ዳገቱን ተያያዘው።

ልጁ ከኋላ፣ "እማማ፣ ይመለሱ እንጂ" አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ እኔኑ አናገረኝ። ሰላም ነጠላዋን እየሰበሰበች ስትሮጥ ይሰማኛል፤ ያኔ አያ ደስታም ከግመሏ ኋላ እንዲሁ ነበር የሚሮጠው። ዳገቱ ገና አላለቀም ነበርና አልተመለስኩም።