በማሽኑ ጩኸት ውስጥ

ከሰዓት በኋላ የካምፓላው ካንሳንጋ ሰፈር ጭር ሲል፣ ሙህሲና ጨርቅ በምትሸጥበት ሱቋ ውስጥ እንደተቀመጠች ዓይኗ ይከደናል። ያኔ የምትሄደው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው፤ ወጣትነቷን ወዳሳለፈችበት የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ። የጥጡ ብናኝ እንደ ጭጋግ ይንሳፈፋል፣ ማሽኖቹ ይጮኻሉ፣ ሴቶቹ በከንፈርና በእጅ ያወራሉ። በዚያ ጩኸት የሰው ድምፅ ስለማይሰማ ቀልዱም ሐሜቱም በምልክት ነበር። ባሏን ጀይሉን ተከትላ ካምፓላ ከገባች ወዲህ ግን እንደዚያ የሚያወራት ሰው አላገኘችም። ጀይሉም ካረፈ ቆይቷል።

ዋንዴገያ ከሚባለው ሰፈር ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጇ ፈርሃና አንድ ቅዳሜ መጣችና፣ "እማ፣ ተነሺ፤ የማሳይሽ ነገር አለ" አለቻት።

"ሱቁስ?"

"ሱቁ የትም አይሄድም።"

ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ሄደው የወረዱት አንድ አሮጌ የጨርቅ ፋብሪካ ደጃፍ ላይ ነው። ሥራ ካቆመ ብዙ ዘመኑ ነው፤ አሁን በቅርስነት ተጠብቆ ሰው ይጎበኘዋል። ጣሪያው እንደ መጋዝ ጥርስ ከፍ ዝቅ ይላል፤ በመስታወቱ የሚገባው ብርሃን ወለሉ ላይ እንደ ወተት ፈሷል። ሙህሲና ገና ደፉን ስታልፍ የማሽን ዘይት ሽታ ተቀበላት። በሕልሟ ይሁን በእውኗ መለየት አቅቷት የልጇን ክንድ ያዘች።

ከተደረደሩት የሽመና ማሽኖች የሚሠራው አንዱ ብቻ ነው። እሱንም ለጎብኚ የምታስነሳው ናካቶ የምትባል፣ ድሮ እዚያው ሠራተኛ የነበረች ሽበታም ሴት ናት። ማሽኑ ሲነሳ ወለሉ ተንቀጠቀጠ። ጎብኚዎቹ ጆሯቸውን ያዙ። የሙህሲና እጅ ግን ሳታዘው ተነሳ። ሁለት ጣቷን ትከሻዋ ላይ አሳረፈች፤ ቀጥላ ጉንጯን መዳፏ ላይ አስደገፈች። 'አለቃው ተኝቷል' ማለቷ ነበር።

ናካቶ ድርቅ ብላ አየቻት። ከዚያ ትከሻዋ እስኪነቃነቅ ሳቀችና በባዶ እጇ ስኒ የያዘች መስላ ፉት አለች፤ 'እንግዲያው ሻይ እንጠጣ!'

ሙህሲና ወደ ፈርሃና ጠቆመች፤ 'ልጄ ናት።' ደረቷን ነክታ መዳፏን ቀስ ብላ ወደ መሬት አወረደች፤ 'ባሌ።' ናካቶም ደረቷን ነካች፤ የእሷም መዳፍ ቀስ ብሎ ወረደ።

ማሽኑ ሲቆም ናካቶ በአገሯ ቋንቋ በሉጋንዳ አንድ ነገር አለቻት። ሙህሲና የምታውቀው የገበያ ሉጋንዳ ብቻ ነውና አፍራ አቀረቀረች።

"እስካሁን በምን ተግባብታችሁ ነው?" አለች ፈርሃና ገርሟት።

"እንዴት ብዬ ልንገርሽ፣ ልጄ?"

ናካቶ ማንንም ሳታስፈቅድ ማሽኑን እንደገና አስነሳችው።

ከዚያ ወዲህ ሙህሲና ከፋብሪካው አትጠፋም። በዝናቡ ወራት ደግሞ ናካቶ ማቶኬ የሚሉትን የሙዝ ምግብ በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ ካንሳንጋ መጣች። ጎን ለጎን ተቀምጠው በሉ፤ የሚያወሩበት ቋንቋ ግን አልነበራቸውም። ኋላ ሰማዩ ጠቆረና ዝናቡ የሱቁን ቆርቆሮ ጣሪያ ይደበድበው ጀመር። መንገደኛው ሁሉ ወደ በረንዳው ተጠጋ፤ እርስ በርሱ መሰማማት አቃተው።

ሁለቱ ሴቶች ማቶኬውን ወዲያ ገፋ አድርገው፣ ፊት ለፊት ዞረው፣ እጃቸውን አነሱ።