ወንድሟ ያሰረላት ጎማ

ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃት «እትዬ ቀስታ» በሚል ስም ነው። ስሙን ያወጡላት የምታመላልሳቸው ተማሪዎች ናቸው። ልጆች ይዛ ስትነዳ እግረኛ ይቀድማታል። አንድ ቀን ምርኩዝ የያዙ አሮጊት በመስኮቱ በኩል ሲያልፏቸው አይተው፣ «እትዬ፣ ኧረ እማማ በለጡን!» ብለው በአንድ ድምፅ ጮኹ። እሷም ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል፣ «እማማ አሥራ ሁለት ልጅ አላዘሉም» አለቻቸው። ከዚያ ወዲያ ስሙ ፀናባት።

አልጠላችውም። ባሏ ሞቶ የተረፋት አንድ አሮጌ ሚኒባስ ነው። ከሰባተኛ ክፍል ላቋረጠች ሴት የቱ ቢሮ በሩን ይከፍትላታል? ጠዋት ልጆቹን ሰብስባ ትወስዳለች፤ ከሰዓት ሰብስባ ትመልሳለች። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሲገፋ አንድ ልጅ ጉልበቱ እንኳ ተልጦባት አያውቅም። ሌላ የምትኮራበት ነገር የላትም። ወላጆቹም ልጃቸውን በር ላይ ሲያስረክቧት ምንም አይጠይቁም፤ ጀርባቸውን ሰጥተው ይገባሉ።

ትምህርት ቤቱ ያለው ከቁልቁለት ሥር ነው። መንገዱ ደረቅ ሲሆን ደህና ነው። ዝናብ ሲጥል ግን ከላይ የሚወርደው ጎርፍ ጭቃውን አምጥቶ አስፋልቱ ላይ ያስተኛዋል፤ ያኔ መንገዱ ሳሙና ይሆናል። ስለዚህ ዝናቡ ሊገባ ሁለት ሦስት ሳምንት ሲቀረው እትዬ ቀስታ ጎማዋን ልታሳይ ወደ ወንድሟ ትሄዳለች።

ወንድሟ ጎሚስታ ነው። ከማደያው አለፍ ብላ ያለችው የቆርቆሮ ቤት የእሱ ናት፤ ከበሩ ግራና ቀኝ ጎማ ተደራርቦ ስለሚቆም ሰው የሚገባው በጎኑ ነው። ታላቋ ስለሆነ «ጋሼ» ትለዋለች። እናታቸው ሲሞቱ እሷ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። ደብተሯን አስቀምጣ ቤት የያዘችው እሱ ሙያውን ሳያቋርጥ እንዲማር ነው። ይህን እሷ አፏን ሞልታ ተናግራው አታውቅም። ደንበኛ ባለበት፣ «እኔን ሰው ያደረገችኝ እቺ ናት» የሚለው እሱ ነው። እሷ ትሽኮረመምና፣ «ተው እንግዲህ ጋሼ» ትለዋለች።

መንዳት ያስተማራት እሱ ነው። ጎማ መምረጥም እንዲሁ።

«ጽሑፉን ተይው» አላት ያኔ። «ጎማ ላይ የሚጻፈው ለሻጭ ነው። አንቺ እጅሽን እመኚ።»

ከዚያ አውራ ጣቷን ይዞ በጎማው ጥርሶች መሃል ከተተው። ጥፍሯ እስኪሸፈን ከገባ፣ ውሃው የሚወጣበት ቦይ አለ ማለት ነው። ውሃው መውጫ ካጣ ጎማው አስፋልቱን ለቆ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ያን ጊዜ ፍሬን ብትረግጪ ባትረግጪ አንድ ነው አላት። ቀጥሎ ጥፍሯን ላስቲኩ ላይ አስጫናት። ለስለስ ብሎ ምልክት ከያዘ መንገድ ይነክሳል። እንደ ጠርሙስ ከደረቀ ግን ጥርሱ ምን ቢያምር እርጥብ ላይ ይከዳል። ሁለት ነገር ብቻ፣ ጥልቀቱና ልስላሴው። እትዬ ቀስታ ሁለቱን እንደ ጸሎት ያዘቻቸው።

በዚህም ዓመት አንድ ዓርብ አመሻሽ ላይ ልጆቹን አድርሳ ሄደች።

«ይሄኛውስ?» አላት ወንድሟ፣ ፊቱ ሰፋ ብሎ የሚያብረቀርቅ ጎማ እያንከባለለ። «ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ እሱን ነው።»

«ለሙሽራ መኪና ይሁን» አለችው። «ቦዩ የታለ? ይሄ ውሃውን የት ሊያደርገው ነው፣ ሊጠጣው?»

ወንድሟ ከት ብሎ ሳቀ። «ተማሪዬ በለጠችኝ!»

አራት መረጠች። ሦስት ሰፋፊ ቦይ ዙሪያቸውን ሄዷል፤ ከቦዮቹም ውሃውን ወደ ዳር የሚያወጡ ስንጥቆች አሏቸው። አንድ በአንድ በአውራ ጣቷ ዳሰሰች፣ በጥፍሯ ጫነች። አዲስ ናቸው።

«እነዚህን» አለች።

«ያንቺ ናቸው። መኪናዋን ተያትና ሂጂ፤ ዛሬ ወረፋ አለብኝ። ነገ ከሰዓት ታስረው ታገኚያቸዋለሽ።»

በማግስቱ ስትመጣ ጎማዎቹ ታስረዋል፤ ጥቁር ብለው እንደ ተወለወለ ጫማ ያብረቀርቃሉ። ቦዮቹ ያየቻቸው ቦዮች ናቸው። ልማድ ነውና ቁጢጥ ብላ አውራ ጣቷን ከተተች፤ ገባ። ጥፍሯን ጫነች፤ ምልክት ያዘ። አንድ ነገር ብቻ አፍንጫዋን ነካው።

«ነጭ ጋዝ ነው እንዴ የሚሸተኝ?»

«አጠብኩልሽ እኮ! ከመጋዘን ሲመጣ አቧራ በአቧራ ነው። ታዲያ ሽቶ ልቀባልሽ ኖሯል?»

ሳቀች። አመስግናው ሄደች። ሌላ ጎሚስታ ቢሆን ኖሮ ሌላም ሌላም ትጠይቅ ነበር። ወንድሟን ምን ብላ ትጠይቃለች?

ሰኞ ጠዋት እትዬ ቀስታ ከወንድሟ ልጅ ቤት በር ላይ ደርሳ ጥሩንባ ነፋች። ከዚያ ቤት የምትወስደው የወንድሟን የልጅ ልጅ ነው፤ የስድስት ዓመት ወሬኛ፣ ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ተቀምጣ መንገዱን ሁሉ የምትለፈልፍ። የዚያን ቀን ልጅቷ አልወጣችም። ብቅ ያለችው እናቷ ናት።

«አክስቴ፣ እሷን ለጊዜው አባቷ ያድርሳት። አባባ ነው እንዲያ ያለው፤ ዝናቡ እስኪያልፍ።»

«ምነው፣ ያጠፋሁት ነገር አለ?»

«ኧረ በጭራሽ! የአባባን ጠባይ ታውቂው የለ፤ አለ ካለ አለ ነው።»

ከኋላ አንዱ ልጅ፣ «ወንበሯ የኔ!» ብሎ ተስፈነጠረ። እትዬ ቀስታ ቅር አላት። ግን አያት ልጅ ያቀማጥላል፣ የሱም ነገር ያው ነው ብላ መሪውን አዞረች።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ዝናቡ ካፊያ ብቻ ነበር። በአራተኛው ሳምንት ረቡዕ ግን ሲወርድ አድሮ ጠዋትም አላባራም። እትዬ ቀስታ ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ጀመረችው። ከሥር፣ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት የእግረኛ መሻገሪያ አለ። አንዲት አስተማሪ ሁለት ሕፃናት በግራና በቀኝ ይዛ ስትገባበት አየቻት። ገና ሩቅ ናቸው። እንደ ሁልጊዜው ፍሬኑን ነካ አደረገችው። መኪናዋ አልሰማችም። ጠበቅ አደረገችው። መኪናዋ ጎኗን ሰጠችና ዝም ብላ፣ ያለ አንዳች ድምፅ፣ ወደ ታች ትንሸራተት ጀመር።

«ዞር በይ! ልጆቹን!» ብላ ጥሩንባውን ተጫነችው።

አስተማሪዋ ሁለቱንም በክንዳቸው አንጠልጥላ ዘለለች። ሚኒባሷ እነሱ በለቀቁት ነጭ መስመር ላይ አልፋ፣ የእግረኛውን መንገድ ጠርዝ ገጭታ ቆመች።

«እትዬ፣ ዛሬስ ፈጠንሽ!» አለ አንዱ ከኋላ። ሌሎቹ ተንጫጩ፣ ሳቁ። እሷ የእጅ ፍሬኑን ሳበችና ዞራ ልጆቹን ቆጠረች።

ልጆቹን አስገብታ፣ አስተማሪዋን እግሯ ላይ ልትወድቅ እስክትደርስ ይቅርታ ጠይቃ ስትመለስ፣ አንድ ሽማግሌ ጎማዋ አጠገብ ተንበርክከው አገኘቻቸው። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ የልጅ ልጃቸውን በእግር ሲያደርሱ ሁልጊዜ ታያቸዋለች።

«ማነው ይሄን ያሰረልሽ?» አሏት።

«ወንድሜ ነው። አዲስ ናቸው አባባ፤ ገና ወር አልሞላቸውም።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። መናገሩ የጨነቃቸው ይመስሉ ነበር።

«እስቲ ነይ እዪ። እዚህ ቦዩ ውስጥ ትንንሽ ጉብታ መኖር ነበረበት። ጎማው እዚያ ድረስ ሲያልቅ ጣሉኝ ማለቱ ነው። ያንቺ ላይ የለም። ይሄ ያለቀ ጎማ ነው ልጄ። በጋለ ቢላ ቦዩን እንደገና ቆፍረውታል። ትንሽ ቢወርዱ ኖሮ ሽቦው ይወጣ ነበር።»

«ለስላሳ ነው እኮ! በጥፍሬ ነው ያየሁት።»

«ነጭ ጋዝ ሲጠጣ ላዩ ለጥቂት ቀን ይለሰልሳል። እስቲ አሁን ንኪው።»

ነካችው። ጠርሙስ ነው።

ሽማግሌው የጎማውን ጎን ከጭቃው ጠረጉ። አራት ቁጥር ወጣ። «የፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንቱን ነው የሚሉሽ፤ የኋለኞቹ ዓመቱን። የተሠራበትን።»

አነበበችው። አሥራ ሦስት ዓመት ሆኖታል።

«ከምታመላልሻቸው ልጆች ሁሉ ይበልጣል» አሉ ሽማግሌው፣ ነገሩን ሊያቀሉላት ብለው። አልሳቀችም።

ወደ ወንድሟ ቤት ዳገቱን ስትወጣ ሰው ጥሩንባ እየነፋባት ነበር፤ አልሰማችም። ጎማ ማርጀት ያረጃል፤ ሻጭም ይዋሻል፤ ይህን ለመቻል ዕድሜዋ በቂ ነው። ጥልቀቱና ልስላሴው ግን! እሷ እነዚያን ሁለቱን ብቻ እንደምታይ የሚያውቅ በዓለም ላይ አንድ ሰው ነው ያለው። ያ ሰው ቢላውን ሲያግል የእሷን አውራ ጣት እያሰበ ነበር። ጋዙን ሲቀባ የእሷን ጥፍር እያሰበ ነበር። ለእሷ በልኳ ተሠርቶላታል።

ወንድሟ ቸርኬ እያቀና ነበር። ፊቷን ሲያይ መዶሻውን አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ የመረጥኳቸው ጎማዎች የት ሄዱ?»

«የትኞቹ?»

«ጋሼ» አለች እንደገና።

ሰውየው ጎማ ላይ ቁጭ አለና እጁን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር።

«ቅዳሜ ጠዋት የሩቅ መንገድ ደንበኛዬ መጣብኝ» አላት። «ዛሬውኑ ካላሰርክልኝ ሌላ ጋ እሄዳለሁ አለ። እሱ እኮ ይበራል፤ ጎማ ቢከዳው ያልቅለታል። አንቺ ደግሞ… አንቺ ቀስታ ነሽ። አገር ያወቀው ነው። በዚያ አነዳድሽ ጎማዎቹ ዝናቡን ያሻግሩሻል ብዬ ነው። አዲስ ሲገባልኝ ልቀይርልሽ ነበር። እውነቴን ነው!»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ መኪናዋን ትወስጃት ነበር?»

«አልወስዳትም።»

«ታዲያ!» አለ፣ የረታት ይመስል።

የመሻገሪያውን ነገር ነገረችው። አስተማሪዋን፣ ሁለቱን ሕፃናት። እሱም፣ «ተመስገን ነው። ያተረፈሽ ቀስታሽ ነው፤ እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው» አላት።

ይህን ባይል ኖሮ ምናልባት አልቅሳ ትወጣ ነበር።

«ቀስታዬ ከበቃ» አለችው፣ «የልጅ ልጅህን ለምን አወረድካት?»

ጨርቁ እጁ ላይ ቆመ።

«ቅዳሜ አሰርክልኝ። ሰኞ እሷን አወረድክ።»

«እሷ እንኳ… አባቷ በዚያ ስለሚያልፍ…»

«የአሥራ አንዱ ልጆች አባቶችስ በየት ነው የሚያልፉት? እኔስ ጋሼ? እኔን ማን ያውርደኝ?»

ለእሱ ብላ ያስቀመጠችውን ደብተር ያኔም አላነሳችበትም። አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው።

ወንድሟ ተነስቶ ከጓዳ አራት ጎማ እያንከባለለ አወጣ። ወረቀታቸው እንኳ አልተላጠም። ባለፈው ሳምንት ነው የገቡት አለ፤ ልጠራሽ ነበር አለ። ሳምንቱን ሙሉ እሷ በእነዚያኞቹ ስትወጣ ስትወርድ እነዚህ ጓዳ ተቀምጠዋል። ጥላው መሄድ አማራት። ግን ልጆቹ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ይወጣሉ፤ ዝናቡ አላቆመም፤ ሌላ ጎሚስታ ያለው ከቁልቁለቱ ማዶ ነው። በእነዚህ ጎማዎች ያንን ቁልቁለት ዳግም አትወርደውም።

«እሰር» አለችው።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ወጣ ብላ ትመለስ ነበር። ዛሬ አናቱ ላይ ቆማ አየችው። የአራቱንም ቁጥር አነበበች፤ በየቦዩ ውስጥ ጉብታውን ፈልጋ አገኘች። አንዱን ጎማ አስሮ ሲነሳ ቁልፉን ከእጁ ተቀብላ ብሎኖቹን ራሷ ደግማ አጠበቀቻቸው።

«እንግዲህ አታምኚኝም?» አላት ተንበርክኮ እንዳለ፣ የተከፋው እሱ የሆነ ይመስል።

«ቀጣዩን እሰር።»

ሲጨርስ ቢላውን ጠየቀችው። ወደ ወረዱት አሮጌ ጎማዎች ስትሄድ ገባው። «ኧረ ሰው ይፈልጋቸዋል!» አለ። «ለዚሁ ነው» አለችና የአራቱንም ጎን ተረተረችው። ላስቲኩ ደርቆ ስለነበር ክንዷ እስኪዝል ታገላት።

ትምህርት ቤቱ የደረሰችው ዘግይታ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ውሃው እንደ ጠዋቱ ይወርዳል። ሚኒባሷ ግን መንገዱን ይዛ፣ ባለችው ቦታ እየቆመች ወረደች። ጎማዎቹ ጥሩ ጎማዎች ናቸው። ያንገበገባትም ይኸው ነው፤ ጥሩውን ለይቶ ያውቃል።

ልጆቹ እየተጋፉ ገቡ። «እትዬ፣ ዛሬስ ከቀስታም ባሰብሽ!» አላት አንደኛው።

«ጎማ ሳስቀይር ነው።»

«ማን ቀየረልሽ?»

«አንድ ጎሚስታ» አለችና የሁሉም ቀበቶ መታሰሩን ለማየት ወደ ኋላ ዞረች።