«ቀጥል ትላለች»

ይህን ለባሌም ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ለእናንተ መናገር የቻልኩት ምናልባት ስለማታውቁኝ ነው።

በደርግ ጊዜ ደብረ ብርሃን ነርስ ነበርኩ። አማርኛ የማያውቅ የውጭ አገር ዶክተር ነበረን፤ በእንግሊዝኛ የማስተረጉምለት እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን እትዬ ዘሃራ የሚባሉ ሴት ከአልዩ አምባ መጡ። የወር አበባቸው ከቆመ ከዓመታት በኋላ ደም ይፈሳቸው ጀመር። ዶክተሩ ከማህፀናቸው ናሙና ሊወስድ ሲዘጋጅ፣ «ካመማት ንገሪኝ፤ አቁሜ ማደንዘዣ እወጋታለሁ» አለኝ። ማደንዘዣው ዕቃ ግምጃ ቤት ተቆልፎበታል፤ ቁልፉን የያዘው ሰው ስብሰባ ላይ ነው። እሱ እስኪጠራ ሊመሽብኝ ነው። ያን ቀን ደግሞ ቀበሌ ስኳር ይታደል ነበር፤ ካመሸሁ አላገኝም።

መሣሪያው እንደገባ እትዬ ዘሃራ እጄን ጨምድደው ያዙኝ። «ልጄ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ ትንሽ ያቁምልኝ በይው» አሉኝ።

ዶክተሩ ቀና ብሎ ምን እንዳሉ ጠየቀኝ። «ቀጥል ትላለች» አልኩት።

እኔ ነኝ ያልኩት። ሻሻቸውን ነክሰው ሲንቀጠቀጡ እያየሁ፣ ደግሞ ሲጠይቀኝ ደግሜ ቀጥል አልኩት። ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ስኳሬን ይዤ ገብቼ ለልጆቼ ሻይ አፈላሁ፤ እኔም ጠጣሁ፤ ጣፈጠኝ።

ውጤቱ ከአዲስ አበባ መጣ። ካንሰር ነው፤ ግን ገና ጅምር ስለሆነ ቶሎ ቀዶ ሕክምና ቢደረግላቸው ይድናሉ። ዶክተሩ ደስ ብሎት አስጠራቸው። የመጣችው ግን ልጃቸው ነበረች።

«እናቴ እንቢ አለች» አለችኝ። «‹አቁም ብዬ ስለምነው ያልተወኝ ሰው ዘንድ ሁለተኛ አልሄድም› ትላለች።»

ዶክተሩ እንድተረጉምለት ያየኛል። ለልጅቷ «እኔ ነኝ ያልነገርኩት፤ እሱ አልሰማም» ብላት እናቷን ይዛ ትመለስ ነበር። ከሥራ እባረራለሁ ብዬ ፈራሁ። «ባህላችን አይፈቅድም ትላለች» አልኩት። አንገቱን ደፋ።

እትዬ ዘሃራ ዓመት ሳይሞላ ሞቱ። የነገረችኝ ከአልዩ አምባ የመጣች ሌላ ታካሚ ናት። «ያ ጨካኝ ፈረንጅ» እያለች ስትረግመው እየሰማሁ ካርዷን ሞላሁላት።

ይቅር በሉኝ አልልም። ዘመኑ ክፉ ነበር፣ መድኃኒት አልነበረም ብዬ አላመካኝም፤ መድኃኒቱ ነበር። ዶክተሩም ቋንቋቸውን አያውቅም ነበር። እትዬ ዘሃራ ሲለምኑ የሰማኋቸው እኔ ብቻ ነበርኩ።