ቪዛ ፍለጋ ወደ ውጫሌ

ጠዋት፣ ሐይቅ

ከሐይቅ ማለዳ ተነሥቼ የውጫሌን ሚኒባስ ያዝኩ። እንጀራዬ አማርኛን በኢንተርኔት ማስተማር ነው፤ ቀጣሪ የለኝም፣ ተማሪዎቼ በየአገሩ ናቸው። ሞሪሺየስ ከርቀት ለሚሠሩ ሰዎች ቪዛ እንደምትሰጥ ሰምቼ ማመልከት ጀምሬያለሁ። የቀረኝ የልደት ምስክር ወረቀት ነው። የተወለድኩት አምባሰል ስለሆነ የማገኘው ከውጫሌ ነው፤ ለዚያውም አባቴ ቀርቦ ሲመሰክርልኝ። አባቴ ደግሞ የቪዛውን ነገር ገና አልሰማም።

ከከተማው ወጣ ስንል ሐይቁ ላይ ጭጋግ ተኝቶበታል፤ ዓሣ አጥማጆቹ ወደ ዳር እየቀዘፉ ነበር። ከዚያ ወዲያ ዳገትና ማሽላ ነው። ውጫሌ ወርጄ ወደ አብዬ፣ ወደ አባቴ ቤት የሚወስደኝ ባጃጅ ስጠይቅ ሾፌሩ ሁለት መቶ ብር አለኝ። “ምነው?” ስለው፣ “መንገዱን ስታይው ትጨምሪልኛለሽ” አለኝ። እውነቱን ነበር።

ረፋድ፣ አብዬ ደጅ

ታላቅ እህቴ ከድጃ በረንዳው ላይ ምስር ትለቅማለች። ዓረብ አገር በቤት ሠራተኝነት ቆይታ፣ ፓስፖርቷን አሠሪዋ ይዛባት፣ ታማ ነው የተመለሰችው። ያኔ አብዬ “ሁለተኛ ልጅ አልሰድም” ብሎ ምሏል። ሐሳቤን ስነግረው ፊቱ ጠቆረ።

“ለማን ልትሠሪ ነው?”

“ለራሴ ነው አብዬ። ተማሪዎቼ እነዚሁ ናቸው። እዚህ ኔትወርክ በተቋረጠ ቁጥር ትምህርቱ ይበላሽብኛል።”

“ፓስፖርትሽን ማን ይይዘዋል?”

“እኔው።”

ከድጃ ምስሩን አስቀመጠች። “የቤቱስ ቁልፍ?”

“እሱም እኔው ጋ።”

“እንግዲያማ ትሂድ፣ አብዬ” አለች።

እሱ ግን “እስቲ ሥራሽን አሳይኝ” አለ። ለአንዲት ጀርመናዊት ነርስ ተማሪዬ በቪዲዮ ደወልኩ። አብዬን ስታይ “እንደምን አረፈዱ፣ አባቴ?” አለችው። ደንግጦ ወደ እኔ ዞረ።

“ወላሂ፣ የኛው አገር ልጅ ናት የምትመስል! አንቺ ነሽ ያስተማርሻት?”

“አዎ።”

ጋቢውን አነሣ። “ተነሺ፣ ቢሮው ሳይዘጋ።”

ከሰዓት፣ ውጫሌ

ከድጃም ተከተለችን። ሽሮ በልተን ቢሮ ገባን። ጸሐፊዋ “ልጅዎ ናት?” ስትለው፣ አብዬ ከተጠየቀው አልፎ “ልጄ ናት፤ አስተማሪ ናት” አላት። ወረቀቱ ታትሞ እስኪሰጠን ዓይኔን ወደ መስኮቱ መለስኩ።

መናኸሪያ ላይ ከድጃ ክንዴን ያዘችኝ። “ዓረብኛውን እንደ ውኃ ነው የምጠጣው። እኔስ ማስተማር አልችልም?”

“ማን ከለከለሽ?” አልኳት። አብዬም “አላህ ያሳካላችሁ” ብሎ ሁለታችንንም ሸኘን።

ሐይቅ

አመሻሽ ላይ ደርሰን ዓሣ ጠብሰን በላን፤ ማመልከቻዬንም ላክሁ። ሳምንታት ቆይቶ ቪዛው ተፈቀደልኝ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት፣ የአብዬ እምቢታ ክልከላ ሳይሆን መልስ ያጣ ጥያቄ እንደነበር ነው። የልጆቹን መውጣት አልጠላም፤ በሩን ማን እንደሚቆልፈው ማወቅ ነው የፈለገው።

ከድጃም ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚሁ ሐይቅ አብራኝ ቀርታለች። ዛሬ ጠዋት የመጀመሪያ ተማሪዋን “አህለን!” ብላ ስትቀበል ድምፅዋ እስከ ጓሮ ይሰማ ነበር።